አባባን አሳዩኝ

መጋረጃውን ብዘጋውም ብርሃኑ በጎንና በጎን እየሾለከ ይገባል፣ የዚህ አገር የነሐሴ ፀሐይ ቤቷ የጠፋባት ይመስል አትጠልቅም፣ እኔ ደግሞ የሌሊት ሠራተኛ ነኝና የምተኛው ሰው ሲነሣ ነው፣ ዛሬ ግን አልተኛሁም፣ ትናንትም አልተኛሁም፣ ዓይኔን ስጨፍን አባባ ይመጣሉ፣ ስገልጥ ይሄዳሉ። አባባን ካየኋቸው ቆየሁ። በስልክ ማለቴ ነው፣ በአካልማ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከተለየኋቸው ዓመታት አልፈዋል፣ ያን ቀን ይዘንብ ነበር፣ ጃንጥላቸውን ለእናቴ ሰጥተው እርሳቸው ጥምጥማቸው እስኪረጥብ ቆመዋል፣ እናቴ «ኧረ ይጠለሉ ቄሴ» ትላለች፣ እርሳቸው አይሰሙም፣ ሚኒባሱን ያያሉ፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስም ያያሉ፣ እኔ በመስኮቱ ጉም ውስጥ ጣቴን እያሻሸሁ አያቸዋለሁ። አሁን ይህ ሁሉ ለምን ትዝ ይለኛል? ሰው እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስታውሰው እኮ… ተይ ሠናይት፣ አትጨርሺው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፣ ስለዚህ አልፈራም ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ፈርቻለሁ። ከዚህ አገር ጨለማና ባሕር ሁሉ ይልቅ አሁን የምፈራው ትራሴ ሥር ያለውን ስልክ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። አባባ፣ ቄስ ሰይፈሥላሴ፣ አንኮበር ዳገቱ ላይ ባለች ደብር ያገለግላሉ፣ እናቴ ጥሩዬና እህቴ ሀይማኖት ደብረ ብርሃን ናቸው፣ እህቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፣ እርሳቸው በሁለቱ መሀል ይመላለሳሉ። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ይይዛሉ፣ ያኔ ስልክ አይነካም፣ ይህን አውቃለሁ፣ የቄስ ልጅ ነኝ። ስለዚህ እናቴ «ሱባኤ ገብተዋል» ስትለኝ «በረከታቸው ይድረሰን» ብዬ ዘጋሁ፣ ተኛሁም፣ በደንብ ነው የተኛሁት፣ አሁን ያ እንቅልፌ ያናድደኛል። ጾሙ ተፈታ። ደወልኩ። «ገዳም ቆዩ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶባቸው ነው» አለች። ይሆናል፣ የነሐሴ ጉምና ጭቃ አንኮበር የገባን ሰው በቶሎ አይለቅም፣ አመንኩ። ደግሜ ደወልኩ። «መጥተዋል፣ ግን ጉንፋን ጥሏቸዋል።» ሌላ ቀን ደግሞ «ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ሐኪሙ አይናገሩ ብሏል።» «እሺ አይናገሩ፣ አሳዪኝ።» «ኔትወርኩ እኮ…» አለችና ምስሉ ጠፋ፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የጎረቤት በግ ሲጮህ ሁሉ ይሰማኛል። ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው የበግ ድምፅ አሳልፎ የአባቴን ፊት የሚይዝ?

አሳዪኝ። ይህን ቃል በእንግሊዝኛው ከማታ እስከ ጠዋት ስሰማው ነው የማድረው። ወደዚህ አገር ስመጣ በሾው ነው የተቀበሉኝ፣ ፓስፖርትሽን ሾው፣ ወረቀትሽን ሾው፣ ሳንባሽ ንጹሕ መሆኑን ሾው። ደብረ ብርሃን ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ገብረአማኑኤል «ሾው ማለት ማሳየት» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉና ጠመኔያቸውን አራግፈው አለፉ፣ እኔም ያን ይዤ ባሕር ተሻገርኩ፣ ምነው ጋሼ፣ ምነው እዚያች ቃል ላይ ጥቂት ቢያቆዩን። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አለቃችን የመጀመሪያው ቀን ሾው አደርግሻለሁ አለችኝና ክፍል ለክፍል አዞረችኝ፣ ማስጎብኘት ነው ለካ። ሰው ሥራው ላይ ሲገኝ ሾው አፕ አደረገ ይባላል። ሳይናገር የቀረ ኖ ሾው ነው፣ ይቺን ቃል እንደ ጅብ እፈራታለሁ፣ ደጋግመሽ ከቀረሽ ያስመጣሽ ኤጀንሲ ለመንግሥት ይጽፋል፣ መንግሥት ደግሞ ወዳገርሽ ይልሻል፣ ስለዚህ ትኩሳት ይዞኝም ሄጃለሁ፣ የኪራይና የእህቴን የማታ ትምህርት የሚከፍል ሌላ ማን አለ። «ድካምሽ ሾው ያደርጋል» ትለኛለች የሥራ ጓደኛዬ፣ ያስታውቃል ለማለት። አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ የውሻ ሾው ያያሉ፣ ፀጉሩ የተበጠረ ውሻ እየተንጎራደደ ሲያልፍ ያጨበጭባሉ። ለታይታ የተደረገውንም፣ ማስመሰሉንም ያው ሾው ይሉታል። እኛ ለየብቻ ያስቀመጥነውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተውታል፣ ደግሞ አይምታታባቸውም። እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው ብል ማን ያምነኛል፣ ግን አእምሮዬ ደብረ ብርሃን መድረስ ሲፈራ እዚህ ቃል ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል።

ማስመሰልንማ ተምሬዋለሁ። ሚስስ ዳንከን የሚባሉ አሮጊት አሉ፣ ልባቸው ከሄደ ቆይቷል፣ ሁልጊዜ ራት ላይ ባላቸውን ይጠይቃሉ። ባላቸው ከሞቱ ዘመናት አልፈዋል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነገርኳቸው፣ ልክ ያን ጊዜ እንደሞቱ ሆነው አለቀሱ፣ በማግስቱ ረስተው እንደገና ጠየቁኝ። አለቃዬ ለብቻዬ ጠርታ መከረችኝ፤ አትንገሪያቸው፣ እየመጡ ነው በያቸው፣ ስትይም ፊትሽ ይብራ። አሁን እንዲያ እላለሁ፣ «እየመጡ ነው፣ መንገድ ዘግቶባቸው ነው» እላለሁ፣ ትራሳቸውን እየደለደልኩ፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ፣ አሮጊቷ ያምኑኛል፣ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። እናቴ «መንገዱ ዘግቶባቸው ነው» ስትለኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ያቺ ለስላሳ ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሸሸኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ፣ ሰፈራችን ሲያዝ አይቼ ነው ያደግሁት። ጎረቤታችን የነበረችው ፍቅርተማርያም ቤይሩት ሳለች እናቷ ሞቱ፣ ለቅሶው ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ እሷ ትደውላለች፣ ሰዉ ተራ በተራ ያነሣል፣ «ጠበል ሄደዋል»፣ «እንቅልፍ ወስዷቸው ነው»፣ «አንቺን ሲያነሡ ነው የዋሉት»፤ ዘግተው ዞር ይሉና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጎስሩታል። ክፋት አይደለም። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ሰምታ ራሷን ብትጥልስ፣ ማን ይይዛታል፣ ማን ውሃ ያቀምሳታል? ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል፣ የምታውቃት የምትወዳት የአገሯ ሰው ተፈልጋ፣ ሌሎች ጨምራ፣ በማለዳ በሯን እስክታንኳኳ። ይህን ሁሉ አውቃለሁና ምልክት እለቅማለሁ። ባለፈው እናቴ ሳታስበው ስልኩ ዘንበል ሲል ነጠላዋ ታየኝ፣ ቶሎ ብዬ ስክሪንሾት አነሣሁ፣ ለሐዘን ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች እያልኩ አሰፋሁት፣ አሰፋሁት፣ እስኪፈራርስና አረንጓዴና ነጭ ነቁጥ ብቻ እስኪሆን። አልለየሁትም። እናቴ ደግሞ ስታወራኝ ግንባሯን ብቻ ነው የምታሳየኝ፣ ዱሮም ካሜራ አያያዝ አታውቅም፣ ግን ዱሮ ቢያንስ አንድ ዓይኗ ይታየኝ ነበር።

ሀይማኖትን ያዝኳት፣ እህቴ ውሸት አትችልበትም። «ሀይሚ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«የምን እውነት?»

«አባባ ደኅና ናቸው?»

«ኧረ በናትሽ አታሟርቺ!» ቁጣዋ ከጥያቄዬ ቀደመ። ተቆጥታኝ አታውቅም።

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

«ፋብሪካ ነኝ እኮ።»

«ማታ ስትገቢ።»

«ማታ መብራት አይኖርም።»

«እንደሚጠፋ ካሁኑ በምን አወቅሽ?»

ከኋላዋ የሽመና ማሽኑ ይንኳኳል፣ እያዳመጠችኝ እንደሆነ ትንፋሿ ይነግረኛል፣ እኔም አልዘጋሁም፣ እሷም አልዘጋችም። ከዚያ «ሠኒ ምግብ እየበላሽ ነው?» አለችኝ። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላሉ አባባ ራሳቸው፣ ይሄ ግን ስንጥር አይደለም፣ ግንድ ነው የታየኝ። ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ በጣም ታመዋል የማይሉሽ አንቺን እንዳያስጨንቁ ነው፣ ሰውዬው እውነትም ጉንፋን ይዟቸው ቢሆንስ፣ የፍልሰታ ብርድ ስንቱን ይጥላል፣ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዲህ ማሰብሽስ ኃጢአት አይደለም? ሁለቱም ይታየኛል። ግራ ጎኔ ላይ ስተኛ ሞተዋል፣ ቀኝ ጎኔ ላይ ስገላበጥ ተኝተዋል፣ ያስላሉ፣ ትኩስ ነገር አምጪ ይላሉ።

ትናንት ደግሞ ሌላ ስልክ ተደወለልኝ። ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው፣ ትልቁ ከተማ የሚኖሩ የሀበሻ ማኅበር እናት፣ በፋሲካ አንድ ጊዜ አግኝቻቸው ዶሮ ያበሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። «እንደምን አለሽ የኔ ልጅ፣ እሑድ ጠዋት ቤት ነሽ?»

«ምነው፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው። በዚያ በኩል ብቅ ስለምንል እግረ መንገዳችንን ልናይሽ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከቀሲስ ጋር፣ ካንድ ሁለት ሰዎች ጋር። ሥራ ካለሽ አስፈቅጂ እሺ?»

እግረ መንገድ! ይህች ከተማ የስኮትላንድ መጨረሻ ናት፣ ከእኔ ቤት ወዲያ ባሕር እንጂ መንገድ የለም። ማንም በእኔ በኩል አልፎ የትም አይሄድም። «እሺ፣ እንኳን ደኅና መጡ» አልኩ። አጥቤ የሰቀልኩት የሥራ ልብሴ እየተንጠባጠበ ነበር፣ እሱን አያለሁ፣ ምንም ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከዚያ ሥራ ሄድኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳገላብጥ አደርኩ፣ ይኸው መጣሁ፣ ይኸው ቅዳሜ ነው፣ ይኸው ፀሐይ ነው፣ ይኸው አልተኛሁም።

ተነሥቼ ደወልኩ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አስሬ፣ ያላለቀስኩ እንድመስል። «እማዬ፣ ዛሬ አባባን ካላሳየሽኝ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ።»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሥራሽስ?»

«ይቅር።»

«ወረቀትሽስ? ያን ሁሉ ደክመሽ…»

«ይቅር አልኩሽ። አሳዪኝ።»

ድምፅ ጠፋ፣ እጇን ስልኩ ላይ ጭና ከሰው ጋር ስትንሾካሾክ ይሰማኛል፣ አንዲት ሴት «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ስትል ሰማሁ፣ የእህቴ ድምፅ ነው፣ ለምን ፋብሪካ አልሄደችም? እናቴ ተመለሰች። «እሺ። አሁን ተኝተዋል፣ ትንሽ ቆይተሽ ደውዪ፣ ሲነቁ ታዪያቸዋለሽ።» ትንሽ ቆየሁ። መስኮቱ ሥር ቆሜ የባሕር ወፎቹን አያለሁ፣ ቆሻሻ ገንዳው ላይ ይጣላሉ፣ እግዚአብሔር ሆይ በሕይወት ይኑሩ እንጂ ሌላ አልለምንህም፣ ሽባም ይሁኑ፣ አይወቁኝ፣ ብቻ ይኑሩ እላለሁ። ደወልኩ።

አየኋቸው! ክፍሉ ጨለም ብሏል፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ ተሰቅሏል፣ አልጋቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ነጩን ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ትከሻቸው፣ ያ ጎበጥ ያለ ትከሻቸው፣ ከራስጌ ቅዱስ ገብርኤል እንደ ዱሮው ተሰቅሏል። «አባባ!» አልኩ፣ ጮኽኩ፣ «አባባዬ!» ከጋቢው ሥር እጃቸው ወጣና ሰላምታ ሰጠኝ፣ ከፍ፣ ዝቅ። እናቴ «አየሽ? አየሽልኝ አይደል? ጠርጣራ!» ትላለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ እንባዬ አፌ ውስጥ ይገባል፣ ምን ያልቀባጠርኩት አለ፣ አባባ ገዳም ያውም በዚህ ብርድ፣ አባባ ዕድሜዎትን አያውቁም፣ አባባ ካልሲ እልክልዎታለሁ የበግ ፀጉር፣ አይናገሩ፣ አይናገሩ ግድ የለም፣ እንዲሁ ልይዎት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴ «በይ እንግዲህ አታድክሚያቸው» አለች፣ እኔም እሺ አልኩና ስልክ ስዘጋ ሁልጊዜ የምለውን አልኩ፣ አስቤበትም አይደለም፤ «ይፍቱኝ አባባ።»

ቄስ ይህን ሲባል ይመልሳል። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ነው መልሱ፣ ለዚህ ድምፅ አያስፈልግም፣ ከንፈር ይበቃል። አባባ ጥርሳቸውን ተነቅለው መንጋጋቸው አብጦ የመለሱልኝ ነው፣ ተቆጥተውኝ ሳምንት ሳያናግሩኝ ይቺን ግን የመለሱልኝ ነው፣ የእኔ አይደለችም የምከለክልሽ ይሉ ነበር። ጠበቅሁ። አልመለሱም። «ይፍቱኝ አባባ» አልኩ ደግሜ። ያ እጅ ወጣ፣ ሊያማትብ መሀል አየር ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ እሳት እንደነካ ሰው ተመልሶ ጋቢው ውስጥ ገባ። ያኔ ነው እጁን ያየሁት። አውራ ጣቱ ሰፊ ነው፣ ስንጥቁ ውስጥ አፈር አለ፣ የአባባ እጅ ከመስቀልና ከመጽሐፍ በቀር ምን ይዞ ያውቃል። የአጎቴ ነው። መዘዞ ገጠር የሚያርሰው ጋሼ ወልደተንሣኤ፣ የአባባ ታናሽ፣ ልጆች ሳለን ከኋላ ሲታዩ እያምታታን የምንጠራቸው። የወንድሙ አልጋ ላይ መተኛት አልከበደውም፣ ከብዶትም ይሆናል ግን ለእኔ ሲል ተኛ፣ ጥምጥሙንም አደረገ፣ ሰላምታውንም ሰጠኝ። ክህነት ሳይኖረው እግዚአብሔር ይፍታሽ ማለት ግን አልቻለም፣ እግዜርን ይፈራል። መስኮቱን ሸፍነዋል፣ ፊቱን አዙረዋል፣ ድምፁን ዘግተዋል፣ ሁሉን አስበዋል፣ የቄስ ቤት ሰዎች ሆነው ይፍቱኝ እንደምል ሳያስቡ ቀሩ።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋቢው ይርገበገባል። «ሳሉ ነው» አለች እናቴ፣ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ዓይኖቿ ታዩኝ። ከስታለች። ተያየን። አባቴ ሞተዋል። አባባ ሞተው ተቀብረው አርባቸው እየቀረበ ነው፣ እኔ በደንብ ተኝቼ ነበር። መጮኽ እችል ነበር፣ ጩኸቱ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር፣ ብጮኽ ግን እናቴ ይህን ሁሉ ያደረገችበት፣ የፈራችው ነገር ይሆናል፣ ልጄ ብቻዋን ሰማች ብላ እዚያው ትወድቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ደክሟቸዋል፣ ይተኙ» አልኩ። ድምፄ ለስላሳ ነበር። «ነገ ጠዋት እንግዶች ይመጡልኛል እማዬ። ቄስም አለ አብሯቸው። ብቻዬን አልሆንም።»

«ጎሽ» አለች፣ «ጎሽ የኔ ልጅ። ሰው ደግ ነው። በይ እህል ቅመሺ፣ ባዶ ሆድሽን እንዳታድሪ።» እህቴ ከጀርባዋ ስትወጣ በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ። ዘጋሁ።

አላለቀስኩም። ቤቱን ጠረግሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን አጠብኩ፣ ለአለቃዬ ዛሬም ነገም ማታ አልመጣም ብዬ ላክሁ፣ ምክንያት ስትል አልመለስኩም። ጥቁር ቀሚሴን ካወጣሁ በኋላ መልሼ ከተትኩት፣ ለብሼ ካገኙኝ ያውቃሉ። ቤቴ ያለው ወንበር አንድ ነው፣ ቀሲስ የት ይቀመጣሉ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድተው መጥተው ቆመው አይነግሩኝም። ወረድኩና ከታች ያለውን ሽማግሌ ጎረቤቴን አንኳኳሁ። ወንበር እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፣ ከምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ አንድ በአንድ እያነሣ በሩ ድረስ ያቀብለኛል፣ አንዱን በክርኑ ሲጠርገው አየሁ። «እንግዳ መጣልሽ? እሰይ፣ ሁልጊዜ ብቻሽን ነሽ» አለኝ። «ለደስታ ነው?»

ወንበሩን እንዳቀፍኩ ቆምኩ፣ መልሴን ይጠብቃል። ለቅሶ ነው እንዳልለው፣ ገና አልተነገረኝም።